የተለመደ አጠቃቀም

ሻርጃ፣ ኢንዱስትሪ ሰፈር ቁጥር አሥራ አንድ፣
ከጎማ ጠጋኙ ሱቅ ጀርባ ባለው መንገድ፣
መስኮት በሌለው ክፍል፣ በሃያ ሁለት ዲግሪ፣
ተቀምጫለሁ እኔ፣ የቻርጀር መርማሪ።

ሥራዬን ሲጠይቁኝ «እለካለሁ» እላለሁ፤
ከግድግዳው ኮረንቲ እስከ ሰው ጣት ድረስ
ስንት እርምጃ እንዳለ እቆጥራለሁ።
ኮረንቲ ሁለት መንገድ ያውቃል፦
በአንዱ አየሩን ይዘላል፣ እንደ ፌንጣ፤
በሌላው ገጽ ለገጽ ይድኻል፣ አቧራና ላብ እየላሰ፣
ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ዓመት ፈጅቶ የሚመጣ።
እኔ የምፈራው የሚድኸውን ነው።

ሰኞ ዕለት አንድ ካርቶን፣ ነጫጭ ቻርጀር ሞልቶ፣
ከጀበል አሊ ወደብ በፒካፕ መጥቶ
ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ።
ጀርባቸው ላይ ካሬ በካሬ ውስጥ፣ የታወቀ ምልክት፤
ድርብ ሽፋን ማለት ነው፣ አንዱ ቢከዳ ሌላው እንዲመክት።
ሦስት ሺህ ቮልት ለቀቅኩባቸው፣ ለአንድ ደቂቃ፤
ቻሉት። ቀዩ መብራት እንኳ አልነቃ።

ከዚያ አንዱን ሰንጥቄ በአጉሊ መነጽር አየሁ።
ከትኩሱ ጎን እስከ ሰው ጎን
አምስት ነጥብ ሁለት ሚሊሜትር፤
ከስንዴ ፍሬ የምታንስ አገር።
መሐሉን በቀጭኑ ሰርጥ ቢያወጡለት ኖሮ፣
የሚድኸው ኮረንቲ ገደሉን ዞሮ
መንገዱ ይረዝምበት ነበር። አላወጡም።
ስንት ፊልስ ተረፋቸው ይሆን?

መጽሐፉን ገለጥን። አለቃዬ ጆጂ ኩርያን፣
የኮታያም ሰው፣ ጢሙን እየዳሰሰ፣
«ክፍሉ ንጹሕ ከሆነ አምስት ይበቃል» አለ፤
«አቧራና እርጥበት ካለ ግን ስምንት፣ ካነሰ አነሰ።»
«ንጹሕ መሆኑን በምን እንወቅ?»
«በተለመደ አጠቃቀም ይላል።»
አስመጪው በስልክ ጮኸ፦ «ቤት ውስጥ ነው ወንድሜ!
ቪላ ነው! ኤሲ አለው!»

የማን ልማድ? አልኩ በሆዴ።
«የተለመደ» ይላል እንጂ ለማጁን አይጠራም።

ዘምዘምን አሰብኳት። የሐርቡ ልጅ፣ አሁን አጅማን፣
ኤሲ ያለው ቪላ ውስጥ፣
ኤሲው በማይደርስበት ክፍል፣
ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጎን የምትተኛዋን።
ነሐሴ ላይ፣ ባሕሩ በአየር ተጭኖ ሲመጣ፣
የበር እጀታ ሲያልበው፣ ጨው ከንፈር ላይ ሲቀር፣
እኩለ ሌሊት እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ
ስልኳን ትሰካለች፣ የእናቷን ድምፅ ፍለጋ።
«ነዘር ነዘር ያደርገኛል» ብላኝ ነበር አንዴ፣
«እንደ ጉንዳን።»
እኔም ስቄ ነበር።

ጻፍኩ፦ የሚያስፈልገው ስምንት።
የተገኘው አምስት ነጥብ ሁለት።
አላለፈም።

ጆጂ መነጽሩን አውልቆ አየኝ፣ ሳይቆጣ።
«ማስረጃ?»
«እርጥበቱ ዘጠና በመቶ ነው፣ መስኮቱን ክፈተው!»
አልኩት። መስኮት እንደሌለን ሁለታችንም ረሳነው።
ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ፣
ከዚያ ፈረመ።

ካርቶኑ ግን ሐሙስ ዕለት ሌላ ፒካፕ ላይ ወጣ፤
ሌላ ቤተ ሙከራ፣ ሌላ አነባበብ፣ ምናልባትም ሌላ ዕጣ።
አልተከተልኩትም። ከበሩ ወዲያ ሥልጣን የለኝም፤
ማታ ግን፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ
ስልኩን ሊሰካ ሲጎነበስ ቻርጀሩን ገልብጬ አየሁ፤
ሌባ መሰልኩት።

ለዘምዘም አንድ ገዝቼ ላክሁላት፣ ዘሩን የማውቀውን፣
ስምንት ሚሊሜትር ከግማሽ፣ በእጄ የለካሁትን።
በድምፅ መልእክት ጠየቀችኝ፦
«ምንድን ናቸው እነዚህ ሁለት ካሬዎች?»
«ቤት ውስጥ ያለ ቤት ነው» አልኳት፤ «አንዱ ግድግዳ ቢፈርስ
ሁለተኛው ይቆማል፣ ክፉ ነገር እጅሽ እንዳይደርስ።»

ሳቀች። ማሽኑ ከኋላዋ ሲሽከረከር ይሰማል።
«ታድሎ!» አለች፤
«የኔ ክፍል እኮ በር እንኳ የለውም።»