በቅሎዎች በበረዶ ላይ

ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት፣ ሰው ገና ሳይነቃ፣
መሰርሰሪያ ይዤ፣ መብራቴ ጨረቃ፣
ሐይቁን እበሳለሁ፤ ስድሳ ሁለት ሳንቲ፤
"ይችላል" ብዬ እጽፋለሁ፤ ፊርማዬም "ፔንቲ"።

ፀሐይ በማትወጣበት በላፕላንድ ጥር
ከጀርመን፣ ከኮሪያ፣ ከፈረንሳይ ምድር
በቅሎ ጭነው ይመጣሉ።
በቅሎ ነው የሚሏት ስሟ እስኪወጣላት፣
በጥቁርና በነጭ ዥጉርጉር ሸፍነዋት፣
ዐይነ ርግቧን ያልገለጠች ሙሽራ አስመስለዋት።

ስሙ ልክ ነው።
በቅሎን "አባትሽ ማን?" ብለው ቢጠይቋት
"ፈረስ አጎቴ ነው" አለች፣ አህያ አባቷ እያያት።
ይቺም እንደዚያው ናት፤
ቁመቷ ከጂፕ ዘር፣ ሆዷ የቤት መኪና፣
"ተራራ እወጣለሁ" ትላለች በዝና፤
ዕድሜ ልኳን ግን የምትወጣው ዳገት
የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ነው፣ ደጁ ላይ የሱፐርማርኬት።

ቢሆንም ገበያው ይቺን ነው የሚጠራው፤
አዲስ ተጋቢው፣ ጡረተኛው፣ መንታ የወለደችው፣
ሁሉም በትንሽ ገንዘብ ትንሽ ከፍ ማለት ያምረዋል።
ስለዚህ ሐይቄ ላይ ጦርነት ነው፤
ድምፅ የሌለው ጦርነት።

ዲትማር በር ይዘጋል፤ ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፤
ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ "ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል!" ብሎ ይበሳጫል።
ሶዳም መቀመጫውን ሁለት ሳንቲ ከፍ አድርጋ
"ቁልቁል ማየት የማይወድ ማን አለ?" ትላለች።
የጊልዳስ ወሬ ግን ሁሌም ስለ ዋጋ፤
ከዕቃ ሣጥኑ ክዳን አንድ ብሎን ቢነሳ
ስንት ሺህ ዩሮ እንደሚተርፍ ያሰላል፣ ሳይነሳ ከአልጋ።

ቁርስ ላይ ሆቴሉ አንድ ነው፣ ገንፎውም አንድ።
ባለቤቴ አይላ ሳህን ስታነሳ ታያቸዋለች፤
እንደ ፈተና ቀን ተማሪ
ወረቀታቸውን በክንዳቸው ከልለው
"ጨው አቀብለኝ" ብቻ ይባባላሉ።

በየካቲት አንድ ሌሊት፣ ነፋስ ሲያፏጭ፣
የጊልዳስ በቅሎ ቀዩን እንጨቴን አልፋ
ወንዙ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አፍ ደረሰች።
እዚያ በረዶው ሃያ ሳንቲ ነው። ለክቼዋለሁ።
ተሰነጠቀ፤ የፊት ጎማዋ ጠለቀ።

ቀድማ የደረሰችው ሶዳም ናት፣ ገመድ ይዛ፤
ቀጥሎ ዲትማር፤ በሆዱ ተስቦ መንጠቆውን አሰረ።
ሁለት ባላንጣ በቅሎዎች ሦስተኛዋን ጎተቱ።
ወጣች። ስትወጣ ግን ዐይነ ርግቧ ተተረተረ፣
ሦስት ዓመት የተደበቀው ፊት
በባትሪዬ ብርሃን ተገለጠ።
መብራቷ ቀጭን፣ እንደ ተቆጣ ሰው ቅንድብ፤
አፍንጫዋ ሰፊ፤ ከጎማዋ ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ።
ማንም አልተነፈሰም።

ሶዳም ሳቋ አመለጣት።
ዲትማር "የእኛን አየሁ" ብሎ አጉረመረመ።
ከዚያ ካፖርቱን አወለቀ፤ በዚያ ብርድ፣
የባላንጣውን ፊት አለበሰ።
ፎቶ ያነሳ አልነበረም።
ጠዋት ገንፎ ላይ ግን እንደገና
ክንዱ ከወረቀቱ አልተነሳም።

በረዶው ስም አያውቅም፤
የሚያውቀው ክብደት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሮቬኒየሚ ከተማ
መደብሮቹ ተጎራብተው፣ ሦስቱም ስም ወጥቶላቸው፣
ሦስቱም "አቻ የላትም" ተብሎ ተጽፎላቸው አየን።
"የትኛዋ የማን ናት?" አለች አይላ።
ዐይኔን ጨፈንኩ፤ የአንዷን በር ዘጋሁ።
ድፍን፣ ለስላሳ፣ እንደ ጥሩ መጽሐፍ ሲከደን።
"ዲትማር" አልኩ።
አይላ ግን አረንጓዴዋን ገዛች።
በቀለሟ።

ዘንድሮ በጥር ሐይቁን በሳሁ፤ አርባ አንድ ሳንቲ።
ካሚዮኖቹ ዳር ላይ ሞተራቸውን አላጠፉም፤
በላያቸው አዲስ በቅሎዎች፣ አዲስ ዐይነ ርግብ።
"ይችላል" ብዬ ጻፍኩ።
ፊርማው ላይ ነው ትንሽ የዘገየሁት።