ቤት መምታት

ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲል ለዘብ፣
መጋላ፣ ረምዚ ልብስ ስፌት፣ ከጨርቁ ክምር አጠገብ፣
ሰባት ሆነን እንቀመጣለን። ወንበሩ አራት ብቻ፤
ሁለታችን ጣቃ ላይ፣ አንዱ ደፍ ላይ፣ ለብቻ።
ቬንትሌተሩ አንገቱን ያዞራል እንደ ታዛቢ፣
አንዴ ወደ ሰሚው፣ አንዴ ወደ አንባቢ።

ሕጋችን በልብስ ሰፊ ጠመኔ ግድግዳው ላይ ተጽፋለች፦
«ያነበበ ዝም ይበል።
የሰማ ይናገር።
ማኩረፍ እስከ ሰኞ ብቻ።»

ጋሽ ዘርጋው፣ ሠላሳ ዓመት ምድር ባቡር የሠራ፣
ስንኝ ሲሰማ በጣቱ ጠረጴዛውን እየቆጠረ፣
«እዚህ ጋ ሐዲዱ ጎደለ» ይላል፣ «እዚህ ጋ ተደረበ።»
ሁልጊዜ ልክ ነው። የማንወደው እኛ ነን።

ረምዚ መርፌ በከንፈሩ ነክሶ፣
«እጅጌው ረዝሟል፣ አቦ» ይላል፣ ወረቀቱን እንደ ኮት አንሥቶ፣
«ጨርቅ ተረፈ ተብሎ ቀሚስ አይረዝምም።»

መምህርት ፀዳለ ቀይ እስክሪብቶ አላት።
ከባጃጅ ነጂው ከሊበን ግጥም
ጨረቃን ሦስት ቅዳሜ አውጥታ ጣለች፤
በአራተኛው በመስኮት አስገባት።

ሂቦ ታይዋን ገበያ ሽቶ ትሸጣለች።
አምስት ወር መጣች፤ ሰማች፤ ሄደች።
ምን እንደምትጽፍ የጠየቃት የለም።

እኔ ያን ዕለት ስለ ደቻቱ አነበብኩ፣
ስለዚያ የጎርፍ ሌሊት። ሠላሳ ስድስት ስንኝ፦

«ደቻቱ ሙሽራ፣ የክረምት እጮኛ፣
በሌሊት ተነሣ፣ እንደ መልእክተኛ፤
ብር አምባር አጥልቆ፣ ጨረቃን ታቅፎ፣
ገባ ከየደጁ፣ ሳያንኳኳ አልፎ…»

ጋሽ ዘርጋው እስከ መጨረሻው መታ፤ ጣቱ አልተሰናከለም።
«ባቡር ነው» አለ። ረምዚ «ሙሉ ልብስ» አለ።
ፀዳለ እስክሪብቶዋን ከደነች፦
«ጨረቃዋን ልለፍልህ። ቤት መትቷል፤ አንድም አልሳተ።»
እኔ፣ በሕጉ መሠረት፣ ዝም አልኩ፤
ፊቴ ግን ዝም አላለም።

ያኔ ሂቦ፦
«እውነቷን ነው። ቤት መትቷል።
አንድም አልሳተ።
የኛ ከድልድዩ አራተኛው ነበር።

ሙሽራ አልመሰለኝም። አምባር አላየሁም።
ናፍጣ ይሸት ነበር፤ ናፍጣና የረጠበ የፍየል ጠጉር።
ጨረቃ አልነበረችም። የጎረቤታችን ባትሪ ነበረች፣
እሷም ጣሪያው ላይ ትንሽ በራች።
‹ሳያንኳኳ› ያልከው ግን ልክ ነው።
እሱን ተወው።»

ቬንትሌተሩ አንገቱን ወደ እሷ አዞረ፤
መብራት ጠፋ፤
እንዳያት ቀረ።

እስከ ሰኞ መብቴ ነበር። እሑድ ጠዋት ግን
ደቻቱ ወረድኩ። ደረቅ አሸዋ፣
ልጆች ኳስ፣ ጎላቸው ሁለት ድንጋይ።
ጎንበስ ብዬ ጭብጥ አድርጌ አሸተትኩ፤
አንዱ «ጋሼ፣ ምን ጠፋህ?» አለኝ።
መልስ አልነበረኝም። በረኛቸው እኔን ሲያይ ጎል ገባበት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረምዚ መቀስ ተዋስኩ፤
እዚያው ፊታቸው ቆረጥኩ። ሦስት ቀረ፦

በሌሊት መጣ።
ሳያንኳኳ።
ናፍጣ ሸተተን።

ጋሽ ዘርጋው ጣቱን አነሣ፤ ሳያሳርፈው ቆየ።
«‹ሸተተን›?» አለች ሂቦ። «አንተ የት ነበርክ?»
«ሳቢያን። ተኝቼ።»
«እንግዲያው ‹ሸተታቸው› በል።»
አልኩ።

ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች፤ አራት የታጠፈ።
አየችው፤ መልሳ አጠፈችው።
«ለሌላ ጊዜ» አለች። ማንም አልገፋፋት።

የተቆረጡትን ሠላሳ ሦስት ስንኞች
ረምዚ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ጆንያ ውስጥ ከተታቸው፤
«ለትራስ ሙሌት ይሆናሉ፣ ምን አለባቸው!»
ሸጧቸውም ይሆናል፤ አልጠየቅኩትም።
ዛሬ ማታ አንድ ሰው፣ ገንደ ቆሬ አካባቢ፣
ጎኑን በሙቀት እየገለባበጠ፣
የኔን ጨረቃ ተንተርሶ
እንቅልፍ እምቢ ብሎታል።