ለማን ይቆለፋል?

ላይፕዚግ፤ የኅዳር ማታ። ትራሙ ሲታጠፍ ሐዲዱ ይጮኻል፣
አራተኛ ፎቅ ላይ የኔ ብርጭቆ ሰምቶ ይንጫጫል።
የስም መዝገቤን እንደ ዕድር ጸሐፊ ዘረጋሁ፣
ስልሳ ሦስት ነፍስ ቆጠርኩ፤ የሞቱትን ሁለቱን ለመሰረዝ ፈራሁ።
በየስሙ አጠገብ አንዲት ጓጉንቸር ተንጠልጥላለች፣
ሲነኳት ትዘጋለች፣ ካልነኳት አፏን ከፍታ ታያለች።
ማሽኑ ምርጫውን ለኔ ጥሎ
ዝም አለ፣ እንደ ሽማግሌ «አንቺው ታውቂያለሽ» ብሎ።

ለቤት አከራዬ፣ ለሄር ቮልፍራም፣ ክፍት።
ስለሚያፈስ ቱቦ ማን ይሰርቃል ወሬ?
ለጥርስ ሐኪሟም ክፍት፤
የተሰነጠቀው መንጋጋዬ ነው፣ አይደለም አገሬ።

ለአጎቴ ለይርዳው አንዴ እጄ ስቶ
የልደት ምኞቴን ላክሁለት፣ ተቆልፎ፣ ተፈጭቶ።
ከፍኖተ ሰላም ደወለ፦ «ምን ነካሽ ልጄ?
ደብዳቤሽ ምስጥ በልቶት ገባ ከእጄ።
ፊደሉ ሁሉ ዱቄት!
መሪጌታ ቢያዩት፣ ይህስ ድግምት ነው ብለው ስልኬን ጠበል ረጩት፤
ከዚያ ወዲያ ባትሪው አልጠናም፣ አንቺው ግዢለት።»
ገዛሁለት።
ገባኝም፦ ለይርዳው መቆለፍ
እንግዳ ጠርቶ በር እንደመዝጋት ነው።
ለሱ ክፍት ነኝ፤ የምቆልፈው ቃሉን ራሱን ነው፦
«ዝናቡ እንዴት ነው?» ስለው የምጠይቀው ዝናብ ብቻ አይደለም፣
«ወንዙ ሞልቷል፣ አትሻገሪ» ካለኝ፣ አልሄድም።

ዘርአብሩክ ግን፣ ሁልጊዜ ዝግ።
እሱ የሚልከው ስም ነው፤ የሰው ስም፣ የአባት ስም፣
የጠፋበት ቀን። ሌላ አንድ ቃል የለበትም።
መክፈቻውን በቃሌ ይዤዋለሁ፣ እንደ ዳዊት፣
ለወረቀት አላመንኩትም፤ ወረቀት አፍ አለው ሌሊት።

ከታች የምትኖረው ፍራው ጉንዱላ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
የፕሪም ኬክ ይዛ ወጣች፣ በየደረጃው እየጮኸ ጉልበቷ።
ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች።
«ስልሳ ሁለቱ ክፍት፣ አንዱ ብቻ ዝግ?
ልጄ፣ ይሄማ ቁልፍ አይደለም፣ ጣት ነው» አለች፤
«እዚህ ጋ ቆፍሩ እያለ የሚጠቁም።
በኛ ዘመን፣ እዚሁ ከተማ፣ ፖስታ በእንፋሎት ሲፈቱ
አጥብቆ የታሸገውን ነበር አስቀድመው የሚያሸቱ።
ለሆርስት የጻፍኩትን በሁለት እጥፍ ሙጫ ለጠፍኩት፣
የሰው በሁለት ቀን ሲገባ፣ የኔ ሦስት ሳምንት ፈጀበት።
ሲደርሰው ሙጫው ገና እርጥብ ነበር።»
ፍርፋሪዋን በእጇ ጠርጋ ወረደች፣
እንቅልፌን ይዛው።

ከዚያ ወዲህ ልመና ገባሁ፣ አንድ ባንድ፣ ቤት ለቤት፦
ብስክሌት ጠጋኙ ዲርክ፣ ከቤተ መጻሕፍት ኔስሊሃን፣
አብራኝ የምትዘምረው ወለላ።
«እናንተም ቁልፍ አብጁ።» «የምንደብቀው ምን አለን?» ሲሉኝ
«የድንች ዋጋ» አልኩ። ሳቁብኝ፤ ግን አበጁልኝ።
አሁን የጎማ ቀዳዳ፣ ዝግ።
የልምምድ ሰዓት፣ ዝግ።
«መጽሐፉን መልሺ፣ አሥራ ሁለት ቀን አልፎታል»፣
እሱም ዝግ፣ ከነቅጣቱ።
አሥራ አንድ ሆንን። ዘርአብሩክ መሃላችን ገባ፣
በጥምቀት ቀን ነጠላ የለበሰ ሰው
በነጠላ መሃል እንደሚጠፋ።

ሄር ቮልፍራም ብቻ እምቢ አለኝ፤
«የምደብቀው የለኝም» አለ፣ መጋረጃውን እየዘጋብኝ።

ትናንት ሌሊት ከዘርአብሩክ መጣ።
ቃሌን አስገባሁ፤ ጣቴ ሁለቴ ሳተ፣
በሦስተኛው ተከፈተ።
ስም የለበትም። ቀን የለበትም።
አንድ መስመር ብቻ፦
«ዛሬ ማንም አልጠፋም። ድንች እዚያ ስንት ገባ?»

ብርጭቆዬ ተንጫጫ፤ የመጨረሻው ትራም ነው።
ቆልፌ መለስኩለት፦
«ኪሎው አንድ ዩሮ ከሃያ። ትንሽ ወርዷል።»