አርባ አንዱ

ኩታናድ ይሏታል አገሬ ዝቅ ያለች፣
ከባሕር ወለል ሥር ሩዙን ያበቀለች።
እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን፣
ከቦዩ ደረጃ ልጆቹና እኔ እንቀመጣለን፤
እግራቸው ከውሃ፣ አፋቸው ሙዝ ሞልቶ፣
ዓይናቸው ባለፈው ታንኳ ላይ ተሳፍሮ ሸፍቶ።

መጽሐፍ አልይዝም። መጽሐፌ ማዶ በአንድ እግሩ ቆሟል፣
ነጭ ሳቢሳ ነው፣ ዓሣ ይጠብቃል።
«አያችሁ ልጆቼ፣ ትዕግሥት ይሄን ይመስላል»
ብዬ ሳልጨርሰው፣ እንዳፈረ ሁሉ ብር ብሎ ይሄዳል።

ስለ ቁራም ነገርኳቸው፦ ነቢዩ ተሰዶ ሲኖር ከወንዝ ዳር፣
ጧትና ማታ በአፉ ምግብ ያመጣለት ነበር።
ገና ስናገር ነው፣ ከኮኮናቱ ጫፍ አንዱ ጥቁር ቁራ
የሶሳማን ሙዝ ነጥቆ እብስ ያለው ከነጓደኞቹ ጋራ።
እሷም እንባዋን በቀሚሷ ጫፍ እያበሰች፣
«ቲቸር፣ የኛ ሰፈር ቁራ ክርስትና አልተነሣም» አለች።

አንድ ሰንበት ደግሞ ነገሬ ስለ ሰማይ ወፎች ነበር፤
ሳይዘሩ፣ ጎተራ ሳይሠሩ፣ ጦም እንደማያድሩ ስናገር፣
ፖተን እጁን አወጣ፣ የገበሬ ልጅ ነው፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፦
«አባቴ ዘራና እነሱ አጨዱት፤ ሩዛችን አለቀ!
ማነው የሚመግባቸው፣ እግዜር ነው ወይስ እኛ ነን?»
«በእናንተ እጅ ነዋ» አልኩት። «ታዲያ ሒሳቡን ማን ይክፈለን?»
ሳቅን። ያን ለት
ሳቅ መልስ ሆነልኝ፤ እኔም አለፍኩበት።

ገና ሊደርስ ሲል ነው ከዳክዬው መንጋ የገባው በሽታ፤
በጀልባ መጡ ጧት፣ ጓንት ያጠለቁ፣ ተመለሱ ማታ።
ያመማቸውም፣ ያላመማቸውም፣ በአንድ ከረጢት፣ በአንድ እሳት ነደዱ፤
ጢሱ ከኮኮናቱ ራስ ሦስት ቀን ሰፈረ፤
ሰዎች አፍንጫቸውን ይዘው ሥራቸው ሄዱ።

እኔ ሞኟ፣ ለዚያ እሑድ
ያሰናዳሁት ስለ ድንቢጥ ነበር።
ርካሽ ናት፣ በሳንቲም ትሸጣለች፣
ግን አንዷም እንኳ ያለ አባታችን አትወድቅም
ብዬ፣ ቃሉ ካፌ ከወጣ በኋላ፣
ኢቱፕን አየሁት፤ የዳክዬ ጠባቂው ልጅ፣
ከላይኛው ደረጃ፣ ብቻውን፣
እግሩ ደረቅ።

«ሰባት መቶ አርባ አንድ» አለ።
«ከረጢት ውስጥ ሲከቷቸው ቆጥሬአቸዋለሁ።
ሰውየው ወረቀቱ ላይ ሰባት መቶ ብሎ ጻፈ፤
ካሳውም ለሰባት መቶ ነው።
ቲቸር፣ አርባ አንዱን ማን አያቸው?»

ፖተን አልሳቀም። ማንም አልሳቀም።
ማዶ ሳቢሳው ተመልሶ ቆሟል፤ አላሳየኋቸውም።
«አትወድቅም አላለም» አልኩ፣
ድምፄ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ እያለ፣
«ብቻዋን አትወድቅም ነው ያለው።»
ስናገረው ለራሴም አዲስ ነበር።

ኢቱፕ ቃሌን ኪሱ አልከተተው፣ ውሃም ውስጥ አልጣለው፤
እጁ ላይ እንዳለ ዝም ብሎ ያየው ጀመር።
ሶሳማ ሙዟን ለሁለት ገመሰች፣
እርጥብ እግሯን ደረጃው ላይ እያተመች ወጥታ
ግማሹን ሰጠችው።
ስትመለስ ቀና ብላ ወደ ኮኮናቱ፣
ወደ ቁራዎቹ አየች፤
«እንዲህ ነው!» እንደማለት።

የስም መጥሪያ ደብተሬን አወጣሁ።
ከልጆቹ ሁሉ ስም ሥር፣ በመጨረሻው መስመር፣
«አርባ አንዱ» ብዬ ጻፍኩ።
ዛሬም በየሰንበቱ ስም ስጠራ፣
ወርጄ፣ ወርጄ፣ እዚያ መስመር ስደርስ፣
ከላይኛው ደረጃ አንድ ድምፅ
«አቤት» ይላል።