ነጠላ ጓንት

የዊኒፔግ ጥር ነው፤ አውቶቡሱ ዘገየ፣
ብርዱ ጆሮዬን ሲነክስ ዓይኔ የበራ በር አየ።
«ሐሙስ ማታ በነጻ» ይላል መስታወቱ፤
ለሥዕል አልነበረም የገባሁት፣ ለሙቀቱ።

ጥበቃዋ ሎሬን ካፖርትሽን ልቀበል አለች፤
እምቢ አልኳት። ኪሴ ውስጥ የሐኪም ወረቀት ነበረች፣
ለሦስተኛ ጊዜ «አዝናለሁ» የምትል።

አዳራሹ ሙሉ ጓንት፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ፤
አንዱም እንኳ ጥንዱን ይዞ ያልዋለ።
በቋንቋዬ ነጠላ ይለበሳል፤
ይህኛው ግን የቀረ ነው።

አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር ናት፣ ሠላሳ ዓመት ከወንበር ሥር ለቅማ፣
አጥባ፣ አድርቃ፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን ጠቅማ፣
ጽፋበታለች ቀኑን፣ የመስመሩንም ቁጥር።
ስፌቷን አልደበቀችም፤ የመረጠችው ቀይ ክር።

አንዷ አውራ ጣቴን አታክልም።
የካቲት ዘጠኝ፣ መስመር አሥራ ስምንት ይላል፤
የማን እንደነበረች አይልም።
ከሥሯ ቆምኩ። በማሞቂያው ትንፋሽ
ዞር አለች፣ መለስ አለች፣
እንደ ለመደችኝ።
ሎሬን ፊቴን ትታ
ግድግዳውን አየችልኝ።

ተጽናናሁ ማለት ይከብዳል።
ግን አንድ ሰው ጎንበስ ብሏል፤
የወደቀ ሁሉ አልተረገጠም።

ሌሊት ሌሊት የሆስፒታል አንሶላ እጠግናለሁ፤
ነጭ በነጭ ላይ፣ እንዳይታይ አድርጌ እሰፋለሁ።
ዛሬ መሳቢያውን ሳብኩና ነጩን ክር አለፍኩት።
አለቃዬ ነገ የሚለውን ይበል፤
ከአንሶላው ጥግ፣ የጥፍር ያህል፣
በቀይ
ቀኑን ጻፍኩት።