የኋላው ወንበር

ከትምህርት ቤታችን፣ ከኋለኛው ግድግዳ
አንዲት ወንበር አለች፣ እግሯ የተጎዳ።
የቦይለሩን ሥራ ጠዋት ስጨርስ
እቀመጥባታለሁ፣ እጄን እንኳ ሳላብስ።
መምህር አይደለሁም፣ ሰባኪም አይደለሁ፤
ኤንዴል ነው ስሜ፤ ምድጃ አነዳለሁ።

ሌሎ ናት የጠራችኝ፣ የቋንቋዋ መምህር፤
«ሰሚ ያጣ ንግግር፣ ክዳን እንዳጣ ክምር
ዝናብ ነው የሚበላው። ና፣ ቁጭ በልልኝ» አለች።
ቁጭ አልሁ። ያቺ ቀን አሥራ አንድ ዓመት ወለደች።

እዚህ ሂዩማ ደሴት፣ ባሕሩ በረዶ ሲጋገር
ጎረቤት ለጎረቤት በአገጩ ነው የሚናገር።
አባቴም በዘመኑ ቃል ቆጥቦ ኖሮ
ቃል ቆጥቦ ሞተ፣ መረቡን ቋጥሮ።
ታዲያ ከዚህ ዘር ላይ ምላስ ማብቀል ማለት
በረዶ ላይ ገብስ ነው፤ ሌሎ ግን ዘራችበት።

አንደኛ ክፍሎቹ፣ ጥርሳቸው የወለቀ፣
ይዘው ይወጣሉ ዕቃ፣ ከኪስ የተደበቀ፤
አንዱ የድመቱን ጢም፣ አንዷ የጀልባ ሚስማር፤
«ምንድን ነው? ከየት መጣ?» በዚህ ይጀመራል መማር።
ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሩጫ ወደ ወንበር።
ቢርጊት ዘንድሮ ሦስተኛ ጨመረች፦
«ሚስማሩ ይበርደው ነበር።»

አራተኛ ክፍሎች ቋጠሮ ያስተምራሉ፣
እጃቸው ወደ ኋላ፤ ገመዱን ለእኔ ሰጥተው «በል እሰር» ይላሉ።
ቃላቸው ከላላ ገመዴም ይላላል፤
ቃላቸው ከጠራ መርከብ ያንጠለጥላል።

ሰባተኛ ክፍል ግን፣ ክፉ ነው ዕድሜው፤
ጉሮሮው ይሰነጠቃል፣ ይቀላል ጆሮው።
ራይኮ ስለ መብራት ማማው አሥራ አራት ስላይድ ሠርቶ
ጀርባውን ለእኛ ሰጠን፣ ስክሪኑን ተመልክቶ።
ሌሎ ተነሣችና ኮምፒዩተሩን ዘጋች፤
«አሁን ጨለማ ነው፣ መርከብ እየመጣች፤
መብራቱ አንተ ነህ» አለችው በቀስታ።
ራዲያተሬ ብቻ አንኳኳ በዚያ ጸጥታ።
ቆጠርሁ። ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት ስቆጥር
ዞረ። «አያቴ» አለን፣ «እዚያ ሲሠራ ነበር።»

ዘጠነኛ ክፍሎች መቃወም ይማራሉ፤
ዛሬ «ይሁን» ያሉትን ነገ «አይሁን» ይላሉ።
«የሰው ሐሳብ ሳትመልስ በፊት ድገምለት፤
‹አዎ፣ ያልሁት ይኼን ነው› እስኪልህ ጠብቅለት፤
ከዚያ ምታ» ትላለች።
ይችን ብልሃት ቤቴ ወስጄ፣ ከኤልጋ ጋር ስለ ጣራው ስንጨቃጨቅ
ሐሳቧን ደግሜ ሳበቃ የምመልሰው አጣሁ፤
እሷ ሳቀች፣ ሳቅ በሳቅ።

ሰኔ ሲገባ ጡረታዬ ደረሰ።
ዳይሬክተሩ በአዳራሹ አበባ አስያዘኝና
«ሁለት ቃል በሉን» ብሎ ከጎኔ ሸሸና
አቆመኝ ብቻዬን።
ከፊት ሲያዩት አዳራሹ ለካ ረጅም ነው፤
ዓይን ሁሉ ሚስማር ነው፣ ጉልበቴን የወጋው።
የስንቱ ልጅ ንግግር በጆሮዬ ቢያልፍም
ለምላሴ ያስቀረሁት አንድ ፊደል የለም።

ቢርጊት ከፊት ረድፍ፣ እጇን ለአፏ ጋርዳ
«ኪስህን ፈትሽ እንጂ!» አለችኝ ተናዳ።

ፈተሽሁ። አወጣሁት።
«ይሄ የቦይለሩ ቁልፍ ነው።
ከእኔ በፊት ኦስቫልድ ነው የያዘው።»
ሁለት ዓረፍተ ነገር። አለቀ። መሮጥ አማረኝ።
ወደዚያች ወንበር ዓይኔን ስጥል ግን፣ ያየሁት አስቆመኝ፤
ሌሎ ተቀምጣባታለች፣ በነጭ ቀሚሷ፣ ጥላሸቴ ላይ፣
የወንበሯን አንካሳ እግር በእግሯ ደግፋ፣
እንደ እኔው ዝም ብላ፣ እጇን አጣጥፋ።

ሦስተኛዋን ፈለግሁ፣ አፌ ውስጥ ስትዞር፤
«በረዶ በጣለ ሌሊት ሁሉ» አልሁ፣
«ቁልፉን ይሞቀው ነበር።»