ያማል

ካርታው ራስጌ ላይ፣ ባሕሩ በረዶ ለብሶ ከሚያንቀላፋበት፣
ጣት የመሰለ ምድር አለ፣ መንገድ ሁሉ ያለቀበት፤
ያገሩ ሰው “ያማል” ይለዋል፣ የምድር ጫፍ ማለቱ ነው።
በእኔ አፍ ግን ሌላ ነው።

ዛፍ የለም።
ካለም አኻያ ነው፣ ከቁርጭምጭሚት ያላለፈ፣
ነፋስ ቀጥቶት፣ በደረቱ እየተሳበ የተረፈ።
ኤዴይኮ ካዳሪ ትምህርት ቤት ቁጥር ይዞ የመጣ ሰሞን
ስብራቱ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀለበቱን በጥፍሩ ቆጠረ፤
ሰማንያ አራት።
“ታላቄ ነው” አለች አያቱ ሴቭኔ፣ “ውረድ ከላዩ።”

በጋው ስድስት ሳምንት ነው፤ ፀሐይ መግባት ትረሳለች፤
ምድር ለስሙ አንድ ክንድ ትቀልጣለች፤
ከሥር የጥንት ግግር ነው፣ ውሃው መስረጊያ ያጣል፣
ትንኙ እንደ ጭስ ይነሣል፣
አጋዘኑም ትንኝ ሽሽት ወደ ባሕር ነፋስ ይሮጣል።
ከዚያ በረዶው። እሱስ ደግ ነው፣
በኮቴ ቢጭሩት የሚላላ፤ ከሥሩ የምድር ሽበት አለ፣
አንዴ ተግጦ እስኪያገግም የተወለደ ልጅ የሚዳርበት።

ያን ዓመት በኅዳር፣ እኩለ ሌሊት፣
የድንኳኑን ቆዳ አንድ ነገር ነካው።
ጠብ።
ጠብ፣ ጠብ።
ዝናብ።
እኔ ብሆን እሰይ ባልኩ፤ ምላሴ ያደገበት ቃል ነው፣
ከበረከት ሌላ ፍች የለውም።
ሴቭኔ ተነሥታ ተቀመጠች። እሳቱን አልቆሰቆሰችም።
ማንም ማንንም “ሰማህ?” አላለም።

ሲነጋ ሜዳው መስታወት ሆኗል።
አጋዘኑ መታ፤ ኳ። ደግሞ መታ።
ሽበቱ ከታች ይታያል፣ ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ፤
ግን በዓይን አይደለም የለመዱት፤
ድሮም ዘንድሮም
የሚያገኙት በሽታ ነው።
ነጯ ቀበሮ አይጧ ከሥር ስትሮጥ ትሰማለች፣
አንገቷን አዘንብላ
ሰምታ ሄደች።

ኤዴይኮ መጥረቢያ አነሣ።
እዚያ ማታው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል፤
እስኪመጣ የሰበረው አንድ ሰሌን አያስነጥፍም።
መንጋው ስምንት መቶ ነው። ማካፈል ተምሯል፤
አካፈለና መጥረቢያውን አስቀመጠ።
ሴቭኔ የጎታቾቹን ገመድ ፈታች፦
“ሂዱ። ያፍንጫችሁን መንገድ እኔ አላውቀውም።”

ግንቦት ላይ የተመለሱትን ቁጠር ብለው ላኩት።
ቆጥሮ ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፤
ማንም አልጠየቀው።
አኻያው እምቡጥ ይዟል፤ ሰማንያ አምስት።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤት መዝጋቢዋ
ቀና ሳትል “አገርህ?” አለችው።
“ያማል።”
ጻፈችው።